ተንቀሳቃሽ የሶፍትዌር ወኪል፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. መግቢያ

ተቋማት አገልግሎታቸውን በአውታረ መረብ አማካይነት መስጠት ከጀመሩ ወዲህ በሰው ስም ሥራ የሚያከናውኑ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ጥቅም ላይ እየዋሉ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ከአንድ ኮምፒውተር ተነሥቶ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በመሄድ የተሰጠውን ሥራ እዚያው አከናውኖ ውጤቱን ይዞ የሚመለስ ወይም የሚልክ ፕሮግራም «ተንቀሳቃሽ የሶፍትዌር ወኪል» ይባላል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ስለዚሁ ወኪል ምንነት፣ አሠራር፣ ጥቅምና ሥጋት ለተገልጋዮች ግልጽ መረጃ ለመስጠት ነው።

ጉዳዩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ፕሮግራም በእርስዎ ስም ቅጽ ሲሞላ፣ ማስረጃ ሲጠይቅ ወይም ክፍያ ሲፈጽም ውጤቱ የሚደርሰው በእርስዎ ላይ ነው። ስለሆነም ለሰው ውክልና ከመስጠት በፊት የሚነሡት ጥያቄዎች ለፕሮግራም ሥልጣን ከመስጠት በፊትም ሊነሡ ይገባል።

2. ተንቀሳቃሽ የሶፍትዌር ወኪል ምንድን ነው?

ጽንሰ ሐሳቡን ለመረዳት የጉዳይ አስፈጻሚን ሥራ ማሰብ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር አንድ ሰው በከተማዋ በሚገኙ ሦስት መሥሪያ ቤቶች የሚፈጸም ጉዳይ ቢኖረው ሁለት አማራጮች አሉት። የመጀመሪያው ጥያቄውን በደብዳቤ ልኮ መልሱን መጠበቅ፣ በመልሱ መነሻነትም ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ለሚያምነው ሰው ውክልና ሰጥቶ ሰነዶቹን አስይዞ መላክ ነው። ተወካዩ ከመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ያገኘውን መልስ ይዞ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ በተሰጠው ሥልጣን ልክ እንደ ሁኔታው ይወስናል፤ ሥራውን ሲጨርስም ውጤቱን ያቀርባል።

የተሰራጨ የኮምፒውተር አውታረ መረብ ማለት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማስታወሻና መረጃ ያላቸው ኮምፒውተሮች በመገናኛ መስመር ተያይዘው ሥራን የሚጋሩበት ሥርዓት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ፕሮግራምና መረጃ የሚገናኙባቸው አራት ዋና ዋና መንገዶች አሉ፦

ሀ) ደንበኛና አገልጋይ፦ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ጥያቄ ይልካል፤ አገልጋዩ ኮምፒውተር (ሰርቨር) በራሱ ፕሮግራም ሠርቶ መልስ ይሰጣል። አብዛኛው የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሠራው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ከላይ ከተጠቀሰው የደብዳቤ ልውውጥ ጋር ይመሳሰላል።

ለ) በርቀት ማስፈጸም፦ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን መረጃው ወዳለበት ኮምፒውተር ይልካል፤ ፕሮግራሙ እዚያ ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ ይመለሳል።

ሐ) ፕሮግራምን ማስመጣት፦ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ፕሮግራሙን ከሌላ ቦታ አምጥቶ በራሱ ላይ ያሠራዋል። ድረ ገጽ በተከፈተ ቁጥር በማሰሻው ውስጥ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ለዚህ ምሳሌ ነው።

መ) ተንቀሳቃሽ ወኪል፦ ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ እስከዚያ ድረስ ያገኘውን ውጤት እንደያዘ ራሱ ወስኖ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ሥራውንም እዚያ ይቀጥላል።

አራተኛውን ከሌሎቹ የሚለየው ፕሮግራሙ መላኩ ብቻ ሳይሆን፣ በመንገድ ላይ ያገኘውን ይዞ መሄዱና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን መቻሉ ነው።

3. ፕሮግራሙ ወደ መረጃው መሄዱ ምን ጥቅም አለው?

ጥቅሙን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ ባለሙያ 500 ሜጋባይት ከሚመዝን መዝገብ ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ብቻ ይፈልጋል እንበል። የመገናኛ መስመሩ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ መዝገቡን ሙሉ በሙሉ ለማምጣት 2,000 ሴኮንድ ወይም 33 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአንጻሩ 50 ኪሎባይት የሚመዝን ፕሮግራም ወደ መዝገቡ ቢላክ ለጉዞው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ የሚመለሰውም የተፈለገው መረጃ ብቻ ይሆናል።

በአይቢኤም የቶኪዮ ምርምር ላቦራቶሪ «አግሌትስ» የተሰኘውን የወኪል ሥርዓት ያበለጸጉት ዳኒ ላንግ እና ሚትሱሩ ኦሺማ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ የተንቀሳቃሽ ወኪልን ሰባት ጥቅሞች ዘርዝረዋል። ከእነዚህም መካከል ለተገልጋይ ቅርበት ያላቸው የሚከተሉት ናቸው፦

• በመገናኛ መስመር ላይ የሚኖረውን ጫና ይቀንሳል።
• በርቀት ምክንያት የሚፈጠረውን የምላሽ መዘግየት ያስወግዳል።
• ወኪሉ ከተላከ በኋላ የተጠቃሚው መሣሪያ ከመስመር ቢወጣም ሥራው አይቋረጥም፤ ግንኙነቱ ሲመለስ ውጤቱ ይደርሳል።
• አንድ ኮምፒውተር ሊዘጋ ሲል በላዩ ያሉት ወኪሎች ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ወደ ሌላ ሊዛወሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ነጥብ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ተጠቃሚ የተለየ ትርጉም አለው። በደብዳቤ ልውውጥ ዓይነቱ አሠራር ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሥራው ሊቆም ይችላል፤ ወኪል የላከ ሰው ግን መሣሪያው ቢጠፋም ጉዳዩ በመሠራት ላይ ነው።

4. አጭር ታሪካዊ ዳራ

በአውታረ መረብ ውስጥ የሚዘዋወር ፕሮግራም ሐሳብ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የቢቢኤን ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ቦብ ቶማስ «ክሪፐር» የተባለ፣ በአርፓኔት ላይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሻገር የሙከራ ፕሮግራም ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ጆን ሾክ እና ጆን ሃፕ ሥራ ፈት ኮምፒውተሮችን ፈልገው በላያቸው ስሌት የሚያካሂዱ ፕሮግራሞችን ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1982 አሳትመዋል። በአንድ ሌሊት አንዱ ፕሮግራም ተበላሽቶ በሕንፃው ያሉትን በርካታ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጪ አድርጓል። ተመራማሪዎቹ ግን ሁሉም ቅጂዎች ሥራ እንዲያቆሙ የሚያዝ የአደጋ ጊዜ ትእዛዝ አስቀድመው አዘጋጅተው ስለነበር ሊያስቆሙት ችለዋል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 በሮበርት ሞሪስ የተለቀቀው ፕሮግራም ታሪክ ከዚህ ይለያል። ፕሮግራሙ ቅጂው በአንድ ኮምፒውተር ላይ መኖሩን የሚያጣራ መላ ቢኖረውም፣ ከሰባት አንድ ጊዜ ማጣራቱን ችላ ብሎ እንዲቀጥል ተደርጎ ስለተሠራ ቅጂዎቹ እየተደራረቡ ኮምፒውተሮችን አጨናንቀዋል። በወቅቱ በተሰጠው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒውተሮች ተጎድተዋል። ሞሪስም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የገንዘብ መቀጮ ተወስኖበታል። ሁለቱ ክስተቶች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የሚጓዝ ፕሮግራም ከመላኩ በፊት ገደቡና ማስቆሚያው መዘጋጀት አለበት።

ጽንሰ ሐሳቡን ለሕዝብ አገልግሎት ያቀረበው ጀነራል ማጂክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በጂም ኋይት መሪነት «ቴሌስክሪፕት» የተሰኘ የፕሮግራም ቋንቋ ያበለጸገ ሲሆን፣ ኤቲ ኤንድ ቲም ይህንኑ መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1994 «ፐርሶናሊንክ» የተባለ አገልግሎት ጀምሯል። በቴሌስክሪፕት እያንዳንዱ ኮምፒውተር ወኪሎች የሚገናኙባቸው «ቦታዎች» አሉት፤ ለምሳሌ የተጠቃሚው ወኪል የቲያትር ትኬት ወደሚሸጥበት ቦታ «ሂድ» በሚል ትእዛዝ ሄዶ ከሻጩ ወኪል ጋር ይገናኛል። ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ወኪል የፈቃድ ወረቀት ይይዝ ነበር። ፈቃዱ ወኪሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚኖር፣ ምን ያህል እንደሚገዝፍና ምን ያህል ሀብት እንደሚጠቀም ይወስናል። ገደቡን ያለፈ ወኪል ሥራው ይቋረጣል።

5. ወኪሉ እንዴት ይጓዛል?

የአንድ ተንቀሳቃሽ ወኪል ጉዞ በአጠቃላይ የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት፦

1ኛ) ወኪሉ ያለበትን ሥራ ለጊዜው ያቆማል።
2ኛ) የፕሮግራሙ ኮድና እስካሁን የተገኘው ውጤት በአንድነት ለመላክ በሚመች መልክ ይታሸጋል።
3ኛ) ጥቅሉ በምስጠራ ተጠብቆ ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተር ይላካል።
4ኛ) ተቀባዩ፣ ማለትም አስተናጋጁ ኮምፒውተር፣ የላኪውን ማንነት በዲጂታል ፊርማ አረጋግጦ ወኪሉን ለማስገባት ወይም ለመከልከል ይወስናል።
5ኛ) የተፈቀደለት ወኪል ከሌላው ሥርዓት በታጠረ ክልል ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

አንዳንድ ሥርዓቶች ወኪሉን ካቆመበት መስመር ያስቀጥላሉ፤ ይህ ጠንካራ ተንቀሳቃሽነት ይባላል። ሌሎች ደግሞ መረጃውን ብቻ አስይዘው ፕሮግራሙን ከተወሰነ መነሻ እንደገና ያስጀምራሉ፤ ይህም ደካማ ተንቀሳቃሽነት ይባላል። አግሌትስን የመሰሉ በጃቫ ቋንቋ የተሠሩ ሥርዓቶች ሁለተኛውን መንገድ ይከተላሉ።

6. የደኅንነት ሥጋቶች

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሰነድ ሥጋቶቹን በአራት ከፍሏል፦ ወኪሉ በአስተናጋጁ ላይ፣ አንድ ወኪል በሌላ ወኪል ላይ፣ አስተናጋጁ በወኪሉ ላይ እንዲሁም የውጭ አካላት በሥርዓቱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ናቸው።

አስተናጋጁን ከእንግዳው ፕሮግራም መጠበቅ በአንጻራዊነት የተሻለ መፍትሔ ያገኘ ጉዳይ ነው። ዲጂታል ፊርማ፣ የታጠረ የሥራ ክልልና የፈቃድ ገደብ ለዚህ ያገለግላሉ። አስቸጋሪው እንግዳውን ከአስተናጋጁ መጠበቅ ነው። ወኪሉ የሚሠራው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በመሆኑ አስተናጋጁ የያዘውን ሊያነብ፣ ሊለውጥ፣ ሊያዘገይ ወይም ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። የአምስት ሻጮችን ዋጋ አወዳድሮ እንዲገዛ የተላከ ወኪል አምስተኛው ጋ ሲደርስ የቀደሙትን አራት ዋጋዎች ይዟል፤ አምስተኛው ሻጭ እነዚህን ማንበብ ከቻለ ዋጋውን በእነርሱ ልክ ያስተካክላል፤ ወይም የተሻለውን ዋጋ ከመዝገቡ ይሰርዛል።

ለዚህ ሥጋት የቀረቡ መፍትሔዎች አሉ። በየደረጃው የተገኘው ውጤት ለላኪው ብቻ በሚፈታ ምስጠራ ሊታሸግ ይችላል። አስተናጋጆች ያከናወኑትን እንዲመዘግቡ ማድረግና በኋላ ማጣራት ይቻላል። ቶማስ ሳንደር እና ክርስቲያን ቹዲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንደተመሰጠረ ሊሠራ የሚችል ፕሮግራም ሐሳብ አቅርበዋል። ይሁንና ፕሮግራሙ ለሥራው በግልጽ የሚጠቀምበት ምስጢር በተለመደው ኮምፒውተር ላይ ከአስተናጋጁ የሚሰወር አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ከዚህም ለተገልጋይ የሚጠቅም ደንብ ይወጣል፦ ለአስተናጋጁ በቀጥታ የማይሰጡትን ምስጢር ወደ እርሱ ለሚሄድ ወኪል አያስይዙ።

7. ዛሬ በምን ደረጃ ላይ ይገኛል?

የፐርሶናሊንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 ተዘግቷል። በዚያው ወቅት ማንኛውም ሰው በማሰሻ ብቻ ሊደርስበት የሚችለው ድረ ገጽ እየተስፋፋ ስለነበር ልዩ መሣሪያና ዝግ አውታረ መረብ የሚጠይቀው አገልግሎት ተፈላጊነት አላገኘም። የአይቢኤም ተመራማሪዎች የሆኑት ዴቪድ ቼስ፣ ኮሊን ሃሪሰንና አሮን ከርሸንባም አስቀድመው ባወጡት ጥናት ተንቀሳቃሽ ወኪል የሚሰጠው እያንዳንዱ ጥቅም በተናጠል ሲታይ በሌላ ዘዴም ሊገኝ እንደሚችል፣ ብልጫው ጥቅሞቹን በአንድነት ማስገኘቱ እንደሆነ አመልክተው ነበር።

ሆኖም መሠረታዊው ሐሳብ አልጠፋም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው «ማፕሪዱስ» የተሰኘ አሠራር ብዙ መረጃን ከቦታ ቦታ ከማጓጓዝ ይልቅ ስሌቱን በተቻለ መጠን መረጃው በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ያካሂዳል። በሥራ ላይ ያለን ምናባዊ ኮምፒውተር ሳያጠፉ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማዛወርም በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተለመደ ተግባር ሆኗል።

በአሁኑ ጊዜ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዙ ረዳት ፕሮግራሞች «ወኪል» ወይም «ኤጀንት» በሚል ስም እየቀረቡ ነው። አብዛኞቹ ከቦታ ቦታ የሚሄዱ አይደሉም፤ በአቅራቢው ኮምፒውተር ላይ ሆነው ወደ ሌሎች አገልግሎቶች ጥያቄ ይልካሉ። ቢሆንም በሰው ስም ስለሚሠሩ ከላይ የተነሡት የፈቃድ፣ የገደብና የማስቆሚያ ጥያቄዎች ሁሉ በእነርሱም ላይ ይነሣሉ።

8. ከአገራችን ሕጎች ጋር ያለው ግንኙነት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ ለመፈጸም የሚያስችል ሲሆን፣ ከዚህ ላለፈ ተግባር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ወካዩም ውክልናውን በማናቸውም ጊዜ መሻር ይችላል። ሶፍትዌር ሰው ባለመሆኑ በዚህ ሕግ ትርጉም ተወካይ ሊሆን አይችልም። «ወኪል» የሚለው ስያሜ የቴክኒክ አጠራር ብቻ ነው፤ ከፕሮግራሙ ጀርባ ምንጊዜም ኃላፊነት ያለበት ሰው ወይም ድርጅት አለ። የሕጉ ጥበብ ግን ለፕሮግራምም ይሠራል፤ ሥልጣን በልክ ይሰጣል፣ በፈለጉ ጊዜም ይሻራል።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት አዋጆች ከጉዳዩ ጋር የቀጥታ ግንኙነት አላቸው፦

• የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ሆን ብሎ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።
• የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።
• የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጸሙ ግብይቶችንና መልእክቶችን ይመለከታል።
• የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዜጎች ስለ ራሳቸው የተያዘን መረጃ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከልና በሕግ በተመለከቱ ሁኔታዎች የማሰረዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

9. ተገልጋዮች ሥልጣን ከመስጠታቸው በፊት ሊያነሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

1) ባለቤቱ ማን ነው? ፕሮግራሙን ያቀረበው ተቋም ስምና አድራሻ በግልጽ የታወቀ መሆኑን ያረጋግጡ።
2) ምን እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል? ማስረጃ እንዲያነብ መፍቀድና ማስረጃ እንዲለውጥ መፍቀድ የተለያዩ ናቸው። ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው በላይ አይፍቀዱ።
3) የገንዘብ ጣሪያው ስንት ነው? ክፍያ የሚፈጽም ከሆነ ከፍተኛው መጠን አስቀድሞ ይወሰን።
4) ሥልጣኑ የሚያበቃው መቼ ነው? የጊዜ ገደብ የሌለው ፈቃድ ጉዳዩ ካለቀ በኋላም ክፍት ሆኖ ይቆያል።
5) እንዴት ይቆማል? ፈቃዱን የሚሰርዙበትን ቦታ ፕሮግራሙን ከመጠቀምዎ በፊት ይወቁ።
6) የሠራውን ይመዘግባል? ምን፣ መቼና የት እንዳከናወነ የሚያሳይ መዝገብ ለአቤቱታ መነሻ ይሆናል።
7) ምስጢር ይጠይቃል? የይለፍ ቃልዎን፣ የባንክ ምስጢር ቁጥርዎን ወይም በስልክዎ የሚደርስዎትን የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር ለሰውም ሆነ ለፕሮግራም አሳልፈው አይስጡ።

10. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ተንቀሳቃሽ ወኪል ቫይረስ ነውን?
አይደለም። ሁለቱም በአውታረ መረብ ውስጥ ሊዘዋወሩ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው በፈቃድ ላይ ነው። ወኪሉ ላኪው የታወቀ፣ በአስተናጋጁ ፈቃድ የሚገባና ገደብ ያለው ነው። ቫይረስ ግን ያለባለቤቱ ፈቃድ ይገባል፤ ራሱንም ያባዛል።

ወኪሉ መንገድ ላይ ቢጠፋ ጉዳዬ ምን ይሆናል?
አስተናጋጁ ኮምፒውተር ከተበላሸ ወኪሉ ሊጠፋ ይችላል። በጥንቃቄ የተሠራ ሥርዓት የወኪሉን ቅጂ ከጉዞ በፊት ያስቀምጣል። ቅጂው እንደገና ሲላክ ግን ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ምላሽ ስለዘገየ ብቻ ክፍያን ከመድገም በፊት የመጀመሪያው መፈጸም አለመፈጸሙን ከተቋሙ ያጣሩ።

ፕሮግራሙ ያልፈቀድኩትን ቢፈጽም ምን ላድርግ?
በመጀመሪያ የሰጡትን ፈቃድ ይሰርዙና የይለፍ ቃልዎን ይለውጡ። ቀጥሎ የድርጊቱን ቀንና ሰዓት፣ የደረሰዎትን መልእክትና የስክሪን ምስል ያስቀምጡ። ገንዘብ የተንቀሳቀሰ ከሆነ ወዲያውኑ ለባንክዎ ያሳውቁ። ከዚያም አገልግሎቱን ለሰጠው ተቋም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ወንጀል የተጠረጠረ እንደሆነም በአቅራቢያዎ ለሚገኝ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።